ጠንቋይ የሚፈልግ ፎርም

ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ልጁ ገና አሁን ተኛ። እናት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ ፎርም ትሞላለች። ስም፣ የልደት ቀን፣ የባንክ አካውንት ቁጥር። እስካሁን ቀላል ነው። ቀጥሎ አንድ ባዶ ሳጥን ይመጣል፦ «በዚህ ዓመት የቤተሰብዎ ጠቅላላ ገቢ ስንት ይሆናል?»

«ስንት ነበር» አይደለም የሚለው። «ስንት ይሆናል» ነው።

የምትሠራው በፈረቃ ነው፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። አንዱ ሳምንት አምስት ፈረቃ ይደርሳታል፣ በሚቀጥለው ሁለት። የባሏ ኮንትራት ከሦስት ወር በኋላ ያልቃል። ይታደስ አይታደስ አለቃውም አያውቅ። ታዲያ ምን ትጻፍ? አንድ ቁጥር ገምታ «ቀጥል» የሚለውን ትነካለች። ያ ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ በሯን ሊያንኳኳ እንደሚችል ልብ አላለችም።

ሴትዮዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ሳጥኑን ግን አልፈጠርኩትም።

መንግሥታት «የቤተሰብ ክፍያዎችን እናቀላለን» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ፎርም ብዛት ነው። ሦስቱን ፎርም ወደ አንድ እናመጣለን፣ አራቱን ድረ ገጽ በአንድ አፕ እንተካለን ይላሉ። ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ሥር ሌላ ቦታ ነው። ወላጅን ነገ ምን እንደሚያገኝ ጠይቆ፣ በግምቱ ከፍሎ፣ ግምቱ ሲስት ዕዳ የሚጽፍ አሠራር ፎርሙ ግማሽ ገጽ ቢሆንም ከባድ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ስህተት ሲፈጠር ሸክሙ ማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ለቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ በብዙ አገሮች ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ልጅ ስላለ በየወሩ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ወላጅ አካውንት ውስጥ የሚገባ ገንዘብ ነው። ሌላው የሕፃናት ማቆያ ክፍያን የሚጋራ ድጎማ ነው። ይሄኛው ሁሌም የባሰ ውስብስብ ነው። ገቢን ብቻ ጠይቆ አይበቃውም። ወላጆች ስንት ሰዓት ይሠራሉ? ልጁ ስንት ሰዓት ይውላል? ማቆያው በሰዓት ስንት ያስከፍላል? ፈቃድ አለው? መልሶቹ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆሙም። ልጅ ይታመማል፣ ፈረቃ ይቀየራል፣ ማቆያው ዋጋ ይጨምራል። ክፍያው ግን ወላጅ ከወራት በፊት በሞላው ቁጥር ይቀጥላል። ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡ ከግብር መዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ያኔ የበለጠ የተከፈለው ሰው ይመልሳል።

ይህ ነገር ክፉኛ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ኔዘርላንድስ አሳይታለች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚያ ከ2005 በኋላ በተዘረጋው አሠራር የማቆያ ድጎማውን የሚከፍለው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ለማቆያው ሳይሆን ለወላጅ ነው፣ ያውም በቅድሚያ። ወላጅ የራሱን ድርሻ ጨምሮ ለማቆያው ይከፍላል። ወረቀት ላይ ምንም ችግር የለውም።

ችግሩ የመጣው በማጣራቱ ነው። በ2013 የተደራጁ አጭበርባሪዎች ያው መሥሪያ ቤት ከሚከፍላቸው ሌሎች ድጎማዎች ገንዘብ እንደወሰዱ ዜና ወጣ። ፓርላማው ተቆጣ፣ ቁጥጥሩም ጠበቀ። ሕጉ ደግሞ «ወይ ሙሉ ወይ ምንም» በሚል መንገድ ነበር የሚተረጎመው። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ በዓመት 12,000 ዩሮ ድጎማ አገኘ እንበል። ከራሱ 1,500 ዩሮ መክፈል ነበረበት፣ የከፈለው ግን 1,000 ነው። ጎደለ የሚባለው 500 ዩሮ ነው አይደል? መሥሪያ ቤቱ የሚያስመልሰው ግን 12,000ውን ነበር። አንድ ፊርማ ቢጎድልም ውጤቱ ያው ነው። ብዙ ወላጆች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ዕዳ መጣባቸው። በአንድ የማቆያ አገናኝ ድርጅት ላይ ጥርጣሬ ሲነሣ በዚያ በኩል የተመዘገቡ ወላጆች በጅምላ ክፍያቸው የተቋረጠበት ጊዜም ነበር። የወላጆች ዜግነት ለማጣራት ሥራ ይውል እንደነበር ከጊዜ በኋላ ታወቀ። በዲሴምበር 2021 የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በዚህ ምክንያት የግብር መሥሪያ ቤቱን 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ።

ፍርድ ቤትስ የት ነበር ትሉ ይሆናል። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ለዓመታት የመሥሪያ ቤቱን አተረጓጎም ሲያጸና ቆይቶ ሐሳቡን የለወጠው በኦክቶበር 2019 ነው። በዲሴምበር 2020 የፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት ወጣ፣ ርዕሱም «ታይቶ የማይታወቅ ግፍ» የሚል ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ ካቢኔ ከሥልጣን ለቀቀ። ለእያንዳንዱ ተጎጂ ወላጅ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ካሣ እንዲሰጥ ተወሰነ። በእነዚያ ዓመታት የፈረሰው ትዳርና የተሸጠው ቤት በዚህ ይካካስ እንደሆነ እንጃ።

እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ይህን አስቦ አለመጀመሩ ነው። ቅድሚያ መክፈል ደግነት ነበር። ወላጅ ማቆያውን ራሱ ይምረጥ፣ ገንዘቡም በእጁ ይግባ ማለት ነፃነት ነበር። አጭበርባሪን መቆጣጠርም ተገቢ ነው። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን መንግሥት ጀምሮ እስኪጨርስ ምንም የማያጣበት፣ ወላጅ ግን በአንድ ወረቀት ሁሉን የሚያጣበት ማሽን ሆኑ።

አውስትራሊያ የተሻለ መንገድ ይዛለች ማለት ይቻላል። በጁላይ 2018 ሁለት የቆዩ ድጎማዎችን አዋህዳ ቻይልድ ኬር ሰብሲዲ የሚባለውን ጀመረች። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ማቆያው ይሄዳል፣ ወላጅ የሚከፍለው ልዩነቱን ብቻ ነው። ይህ ብቻውን የኔዘርላንድስን ዓይነት ጣጣ ግማሹን ያስቀራል። መንግሥት የሚሸፍነው መቶኛ ግን አሁንም የሚሰላው በተገመተ ገቢ ነው። በጁላይ 2023 ሥራ ላይ በዋለው ስሌት፣ የቤተሰቡ ገቢ እስከ 80,000 ዶላር ከሆነ መንግሥት ለአንድ ሰዓት ማቆያ ካስቀመጠው የዋጋ ጣሪያ ሳያልፍ 90 በመቶውን ይሸፍን ነበር። ከዚያ በላይ በየ5,000 ዶላሩ አንድ አንድ በመቶ ይወርድ ነበር።

የሶፋዋን እናት ወደዚህ ስሌት እናምጣት። 80,000 ብላ ገመተች። ዓመቱ ሲያልቅ 100,000 ሆኖ ተገኘ። የባሏ ኮንትራት ታድሷል፣ እሷም የሌሊት ፈረቃ ጨምራለች። 90 የነበረው 86 ይሆናል። ማቆያው በሳምንት 360 ዶላር ቢያስከፍል የ4 በመቶው ልዩነት 14 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። በ50 ሳምንት 720 ዶላር ይደርሳል። አውስትራሊያውያን ይህን አስበውበታል። ከየሳምንቱ ድጎማ 5 በመቶው እየተያዘ ይቆያል። በእሷ ሒሳብ የተያዘው 810 ዶላር ነው። ተርፋለች፣ እንዲያውም 90 ዶላር ይመለስላታል። ነገር ግን ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ተይዞ ነው የቆየው። ለማን ስህተት ነው ቅድሚያ መያዣ ያስያዘችው? ገና ላልሠራችው!

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ያው ግምት ልጅ ላለው ቤተሰብ የሚሰጠውን፣ ፋሚሊ ታክስ ቤኔፊት የተባለውንም ክፍያ ይነካል። በዚያኛው ኤ ክፍል፣ ገቢው ገደቡን ሲያልፍ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር 20 ሳንቲም ይቆረጣል፣ ክፍያው አንድ ወለል ላይ እስኪደርስ። የገቢ ግብሩ ደግሞ ለብቻው አለ። አንዱ የሌሊት ፈረቃ ሦስት ቦታ ተቆርጦለት ነው ቤት የሚገባው። ሦስቱን ሕጎች የጻፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ብቻ እያዩ መጠነኛ ቅናሽ ነው ያስገቡት። ሦስቱን ደምሮ የሚያየው የሚኖርበት ሰው ብቻ ነው። አራተኛ ቀን መሥራት እንደማያዋጣት በጣቷ ቆጥራ የምትደርስበት እናት ሰነፍ አይደለችም። ሒሳብ ትችላለች።

ወላጆች ከተለያዩ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ልጁ ስንት ሌሊት ከማን ጋር ያድራል? እዚያው አውስትራሊያ ፋሚሊ ታክስ ቤኔፊትን ለመካፈል አንዱ ወላጅ ቢያንስ 35 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ ልጁን መያዝ አለበት። እንግዲህ ከቀድሞ ባል ጋር በጽሑፍ መልእክት ሌሊት መቁጠር ነው። ሕፃኑ አያቱ ቤት ያደረባት ቅዳሜስ ለማን ትቆጠር?

አንድ ዓይነት ማቅለል ደግሞ አለ፣ ሁሉን በአንድ ቋት ማድረግ። እንግሊዝ በ2012 ባወጣችው ሕግ ስድስት ክፍያዎችን ጠቅልላ ዩኒቨርሳል ክሬዲት አለቻቸው። የቤት ኪራይ ድጎማውም፣ የልጆቹም ብር፣ የሥራ አጡም ድጋፍ አንድ ላይ ነው። ገቢን መገመት አያስፈልግም። አሠሪው ለግብር ቢሮ በሚልከው መረጃ በየወሩ ይሰላል። ሲሰሙት ጠንቋዩን ያባረሩት ይመስላል።

ግን ሰዓቱን ከልክ በላይ አጠበቁት። ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ቅዳሜ ላይ ሲውል አሠሪው ዓርብ ያስገባል። በዚህ የተነሣ ሁለት ደመወዝ በአንድ የስሌት ወር ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተሩ ሴትየዋ በድንገት ሀብታም የሆነች መስሎት ክፍያዋን ይቆርጣል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ምንም እንዳላገኘች ይቆጥራታል። አራት ነጠላ እናቶች ይህን ይዘው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፣ በጁን 2020 አሸነፉ። ደመወዝ ቅዳሜ እንዳይውል ለማድረግ ፍርድ ቤት!

የማቆያውም ክፍያ እዚያ ሌላ ጉድ ነበረው። እስከ 85 በመቶ ይመለሳል፣ ነገር ግን መጀመሪያ ወላጅ ከኪሱ ከፍሎ፣ ደረሰኙን አስገብቶ ነው። ሥራ ልትጀምር ያለች እናት የመጀመሪያ ደመወዟ ሳይገባ የአንድ ወር ማቆያ ከየት ታመጣለች? በ2023 ሥራ ለሚጀምሩና ሰዓት ለሚጨምሩ ወላጆች ቅድሚያ እንዲከፈል ተደረገ። ለአንድ ልጅ የሚመለሰው ጣሪያም በወር ከ646 ወደ 951 ፓውንድ ከፍ አለ። አሠራሩ ከተጀመረ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ሁሉን አንድ ቋት ውስጥ መክተት ሌላም መዘዝ አለው። ድሮ አንዱ ክፍያ ሲስተጓጎል ሌላው ይደርስ ነበር። አሁን ሲቆም ኪራዩም የልጁም አብሮ ይቆማል።

ታዲያ የሚሠራ ነገር የለም ወይ? አለ።

ካናዳ በጁላይ 2016 ሦስት ክፍያዎችን በካናዳ ቻይልድ ቤኔፊት ተካች። ከግብር ነፃ ነው፣ በየወሩ ይገባል። ዋናው ነገር ግን የሚሰላበት ዓመት ነው። መሠረቱ ባለፈው ዓመት የተሞላው የግብር መግለጫ ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ከጁላይ እስከ ጁን ድረስ መጠኑ ይታወቃል። ግምት የለም። ዘንድሮ የሌሊት ፈረቃ ብትጨምር ለሚቀጥለው ዓመት ይታሰባል እንጂ ዕዳ አይጻፍባትም። ድክመት አለው እንዴ? አዎ። ትናንት ከሥራ የተባረረ ሰው አምና ጥሩ ይከፈለው ስለነበር ዝቅተኛ ክፍያ ይዞ ይቆያል። የግብር መግለጫ ያልሞላ ሰውም ክፍያው ይቋረጥበታል። ቢሆንም ከሁለቱ በሽታ ይህን እመርጣለሁ። ያለፈ ቁጥር ቢያረጅ እንኳ እውነት ነው።

ኢስቶኒያ ይበልጥ ሄዳለች። ከ2019 ጀምሮ ልጅ ተወልዶ ስም ሲመዘገብ መንግሥት ራሱ መዝገቦቹን አገናዝቦ «እነዚህ ክፍያዎች ይገባዎታል» ብሎ ለወላጅ ይልካል። ወላጅ የሚጠበቅበት ማረጋገጥና የአካውንት ቁጥሩን ማየት ነው። ይህ የሆነው ግን የልደት፣ የአድራሻና የግብር መዝገቦቹ ቀድመው ስለተያያዙ ነው። መዝገቡ ሳይስተካከል አፕ ብቻ መሥራት ቤት ሳይሠሩ በር እንደመግጠም ነው። በሌላ በኩል መዝገቦች ሲያያዙ ያስፈራሉም። ኔዘርላንድስ ዜግነትን ለጥርጣሬ የተጠቀመችው መዝገብ ስላጣች አልነበረም፣ ስላላት ነው። አውስትራሊያም ሮቦዴት በተባለው አሠራር የግብር መዝገቡን ወስዳ የሰውን የዓመት ገቢ ለ26 አካፈለች፣ ሰውየው በየሁለት ሳምንቱ እኩል ያገኘ ይመስል፣ ከዚያም ለሥራ አጥና ለሌሎች ክፍያ ተቀባዮች ዕዳ ላከች። ሕገ ወጥ እንደነበር መንግሥት አመነ። በጁላይ 2023 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርትም ክፉኛ ወቅሶታል። እና እኔ መዝገብ ለመክፈል ይያያዝ እላለሁ። ለማስመለስ ሲሆን ግን ሰው ያንብበው።

ማመልከቻ ሳይኖር ገንዘብ ሲደርስ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ደግሞ አሜሪካ አሳይታለች። በ2021 የልጆችን የግብር ቅናሽ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት እስከ 3,600 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው እስከ 3,000 ዶላር አደረሰች። ግማሹን ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ላከች። አብዛኛው ቤተሰብ ምንም ፎርም አልሞላም። ሁሉን ድጋፍ በሚደምረው መለኪያ የልጆች ድህነት በዚያ ዓመት 5.2 በመቶ ሆነ። ጭማሪው ሲቋረጥ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ዘለለ። ለመድረስ ያስቸገሩት ገቢያቸው እጅግ ከማነሱ የተነሣ የግብር መግለጫ የማይሞሉት ነበሩ። ማለትም በጣም የሚያስፈልጋቸው።

ሁሉም ፎርም ይቅር ለማለት የሚዳዳው ሰው የካናዳዋን ክፍለ ግዛት ኩቤክን ይይ። በ1997 የማቆያ ዋጋ ለማንም በቀን 5 ዶላር ተባለ። ገቢ አይጠየቅም፣ የሥራ ሰዓት አይጠየቅም። ከዚህ የቀለለ የለም። እናቶች በብዛት ሥራ ገቡ። ቦታው ግን አልበቃም፣ ወረፋው ረዘመ። ወረፋ ደግሞ የራሱ ፎርም ነው፣ ቀድሞ መመዝገብን የሚያውቅ ያልፋል። በ2015 ገቢው ከፍ ያለ ወላጅ ተጨማሪ እንዲከፍል ተደረገ፣ ስሌቱ መጣ። በ2019 ደግሞ ቀረ። ቀላል ነገር ቀላል ሆኖ እንዲቆይ ዘበኛ ይፈልጋል።

ምክንያቱም በፎርም ላይ ያለው እያንዳንዱ ጥያቄ ወላጅ አለው። አንዱን ያስገባው «ሀብታም ለምን ይደጎማል?» ያለ የምክር ቤት አባል ነው። ሌላውን «የማይሠራ ለምን ይከፈለዋል?» ያለው ነው። ሦስተኛውን በጀት የሚቆጥበው ሰውዬ። ሁሉም የሚያሳምን ነገር አላቸው። ጥያቄ መሰረዝ ማለት ከእነዚህ ከአንዱ ጋር መጣላት ነው፣ ገንዘብም ያስወጣል። ለዚህ ነው አፕ መሥራት ከሕግ ማሻሻል የሚቀለው።

አውስትራሊያ አንዱን ጥያቄ በቅርቡ ሰርዛለች ለማለት ይቻላል። ቀድሞ ወላጅ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ወይም እንደሚማር እየታየ ነበር የድጎማው ሰዓት የሚወሰነው። ሥራ ለመፈለግ ልጅ የሚውልበት ቦታ ያስፈልጋል፣ ቦታውን ለማግኘት ደግሞ ሥራ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግን ለድጎማው ብቁ የሆነ ቤተሰብ ወላጅ ሠራም አልሠራም በሁለት ሳምንት 72 ሰዓት ይደጎምለታል፣ ማለትም በሳምንት ሦስት ቀን። ገቢውን ግን የሶፋዋ እናት አሁንም ትገምታለች።

ኔዘርላንድስስ? ድጎማውን ለወላጅ መስጠት ትቶ በቀጥታ ለማቆያ ለመክፈል፣ ለሚሠሩ ወላጆችም በሙሉ ገቢያቸው ሳይታይ እስከ ዋጋ ጣሪያው ድረስ 96 በመቶውን ለመሸፈን አቅዳለች። ገቢ የሚጠይቀው ሳጥን ይጠፋል ማለት ነው። መጀመሪያ ለ2025 ተባለ። ወደ 2027 ተገፋ። አሁን 2029 ነው የሚባለው። ካቢኔው በለቀቀበት ቀን የተወለደ ልጅ ያኔ ስምንት ዓመት ይሆነዋል።